ከመርከብ ወለል እስከ መድረክ፤ የኩዌት ነሃሞች ድምፅ

በሳልሚያ የባሕር ዳርቻ፣ ከኩዌት የሳይንስ ማዕከል አጠገብ፣ «ፈትሕ አል-ኸይር» የምትባል የእንጨት መርከብ ትታያለች። በ1938 የተሠራች ስትሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ በሸራ እየተነዱ ሕንድና ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ ይዘልቁ ከነበሩት የኩዌት «ቡም» መርከቦች እስከ ዛሬ የተረፈች የመጨረሻዋ እንደሆነች ይነገርላታል። በበዓል ቀን ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ጎብኚ ምሰሶዋንና ገመዷን፣ የጎኗንም እንጨት ተመልክቶ ይመለሳል። ሊያየው የማይችለው ነገር ግን አለ፤ እርሱም መርከበኞቹን ያንቀሳቅስ የነበረው ድምፅ ነው። መርከቧን ነፋስ ይገፋታል፤ ሸራውን ወደ ላይ የሚሰቅለው ግን የሰው ክንድ ነው። ክንዱን ሁሉ በአንድ ቅጽበት የሚያስነሣው ደግሞ የአንድ ሰው ዜማ ነበር። ይህ ሰው «ነሃም» ይባላል።

በዛሬ አነጋገር ነሃም ከወደብ ወደብ እየዞረ የሚያዜም ባለሙያ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ልዩነቱ መድረኩ በማዕበል የሚናወጥ መሆኑ፣ አድማጮቹም እየሠሩ የሚያዳምጡ መሆናቸው ነው። በመርከቡ ላይ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ መጠሪያ አለው፦ አዛዡ «ኖኸዛ»፣ ወደ ባሕሩ ወለል ሉል ፍለጋ የሚወርደው «ገይስ»፣ ገመዱን ይዞ ከላይ የሚጎትተው «ሰይብ»፣ ሥራ ለመልመድ የተሳፈረው ልጅ «ተባብ» ይባላሉ። ነሃምም ከእነዚህ ጋር ተቆጥሮ ከጉዞው ገቢ ድርሻውን ይቀበል ነበር። እንግዲህ ዜማው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን እንደ መልሕቁና እንደ መቅዘፊያው የመርከቡ መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ድምፁ የተመሰከረለትን ነሃም ለማግኘት ኖኸዛዎች ይሻሙ እንደነበረ ይነገራል። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም፤ መልካም ነሃም ያለበት መርከብ መልሕቁን ቶሎ ያነሣል፣ ሸራውን ቶሎ ይሰቅላል፣ ሠራተኞቹም በድካም ተነጫንጨው እርስ በርስ አይጣሉም።

ደቦ ወጥቶ ያጨደ የወሎ ወይም የጎጃም ገበሬ ይህን ለመረዳት ረዥም ማብራሪያ አያስፈልገውም። አቀንቃኙ ያወጣል፣ አጫጁ ይቀበላል፣ ማጭዱ በዜማው ልክ ይሄዳል። አቀንቃኙ ሲዳከም ማጭዱም ይዳከማል። በባሕር ላይ ያለው ሕግ ከዚህ ጋር አንድ ቢሆንም ቅጣቱ ግን ይከብዳል። አንድ ትልቅ ሸራ የተሸከመውን ረዥም አግዳሚ እንጨት በርካታ ሰዎች በገመድ ሲስቡ፣ ግማሹ ቀድሞ ግማሹ ዘግይቶ ከሳበ ገመዱ እጅ ይልጣል፣ እንጨቱም ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ነሃም ዜማውን የሚያስረዝመው ሠራተኛው ትንፋሽ በሚሰበስብበት ጊዜ ነው፤ የሚቆርጠውም ክንድ በሚነሣበት ጊዜ ነው። ሳበው ብሎ ማዘዝ የኖኸዛው ሥራ ሲሆን፣ ሁሉም በአንድነት እንዲስብ ማድረግ የነሃም ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራም የተለየ ዜማ ነበረው። በመቅዘፊያ ከአንዱ የሉል ስፍራ ወደ ሌላው በሚኬድበት ጊዜ የሚዜመው «ያማል» ይባላል። ሸራ ሲሰቀልና መልሕቅ ሲነሣ ሌሎች ዜማዎች ነበሩ። አዲስ መርከብ ወደ ውኃ ሲገባና በመሰል ታላላቅ ቀኖች «ሳንጊኒ» በከበሮ ይመታ ነበር። ሥራ በማይኖርበት ሰዓት፣ በተለይ በምሽት፣ ለመዝናናት ብቻ የሚዜሙም ነበሩ። ዜማው ሲጀመር የአላህ ስም ይነሣል፤ በነቢዩ ላይም ሰለዋት ይወረዳል። ከዚያ በኋላ ነው ናፍቆቱና ስሞታው የሚከተለው።

የዚህ ዜማ አሠራር ከጆሮ የሚደርሰው ቀስ በቀስ ነው። ከላይ የነሃም ድምፅ አለ፤ ከፍ ያለ፣ የተሳለ፣ ቃሉን እየጎተተ የሚያንከባልል፣ የከበሮውን ምት ሳይጠብቅ በራሱ መንገድ የሚሄድ ነው። ከሥሩ የመርከበኞቹ ጭብጨባና ከበሮ አለ፤ ይህ ደግሞ ንቅንቅ የማይል፣ የተቆጠረ ነው። ጭብጨባው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ወገን በሚያጨበጭብበት ቦታ ሌላው ዝም ይላል፣ ዝም በሚልበት ይገባል፤ ሁለቱ እንደ ሽመና ድርና ማግ ይጠላለፋሉ። ከሁሉም በታች ከደረት ጥልቀት የሚወጣ ማጉረምረም አለ። ሰሚው መጀመሪያ የባሕሩ ድምፅ ይመስለዋል። ይህ በጣም ወፍራም የሆነ የኅብረት እንጉርጉሮ ከነሃሙ ድምፅ እጅግ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታም ነው ለዜማው ግርማ የሚሰጠው። መሣሪያዎቹም ከመርከቡ ኑሮ የወጡ ናቸው፦ ሁለት ፊት ያለው የባሕር ከበሮ፣ «ሚርዋስ» የምትባል ትንሽ ከበሮ፣ ከሕንድ የመጡ ትናንሽ የነሐስ ሳህኖች፣ ደግሞም «ጀሕላ» የሚባለው የውኃ ማሰሮ። ውኃ የሚቀዳበት ሸክላ ምሽት ሲሆን በመዳፍ እየተመታ ከበሮ ይሆናል። በጠባብ መርከብ ላይ ለአንድ ተግባር ብቻ የሚቀመጥ ዕቃ አይኖርምና።

ይህ ሁሉ የሚከናወነው ድምፅን መልሶ የሚያስተጋባ ግድግዳ በሌለበት ቦታ እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። በባሕር መካከል የወጣ ድምፅ አይመለስም፤ ነፋስ ይወስደዋል። ነሃም ስለዚህ ድምፁን ከአፍንጫና ከጉሮሮ አጥብቆ፣ እንደ ቀስት አሹሎ ማውጣት ነበረበት። ዛሬ በቴሌቪዥን የሚያዳምጠው ሰው ጩኸት የሚመስለው ነገር፣ በቦታው ሲታሰብ፣ ከመርከቡ ኋላ የተቀመጠ ሰው ቃሉን እንዲሰማ የሚያስችል ስሌት ነበር።

የሉል ወቅት በበጋው ሙቀት አራት ወር ገደማ ይዘልቃል። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ዘግቶ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ አስሮ ይወርዳል፤ ትንፋሹ ሲያልቅ ገመዱን ይነቀንቃል፣ ሰይቡ ይስበዋል። በቀን ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ብዙው መርከበኛ ደግሞ ከመሳፈሩ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሆን ገንዘብ ከኖኸዛው ይበደራል፤ የወቅቱ ሉል ካላማረ ዕዳው ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል፣ አባት ከሞተም ወደ ልጅ ሊወርድ ይችል ነበር። የነሃም ዜማ ውስጥ የሚሰማው ኀዘን ከዚህ የወጣ እንጂ ለጌጥ የተጨመረ አይደለም። መርከበኛ በቃል ለኖኸዛው ሊናገረው የማይደፍረውን ነሃም በዜማ ያደርሰዋል፤ ኖኸዛውም እዚያው ተቀምጦ ይሰማዋል። የሥራ መሣሪያ የሆነው ድምፅ የሠራተኛው አፍም ነበር። በባሕሩ ዳር ደግሞ ሴቶች ተሰብስበው ባሕሩ ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን እንዲመልስላቸው የሚማፀኑባቸው የራሳቸው ዜማዎች ነበሯቸው።

ሉል ፍለጋው ከባሕረ ሰላጤው አይወጣም፤ ትልልቆቹ ቡሞች ግን ሩቅ ይሄዱ ነበር። የባስራን ቴምር ጭነው ወደ ሕንድ፣ ወደ የመንና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዱና ለቤት ጣሪያ የሚሆን እንጨት ጭነው ይመለሱ ነበር። አውስትራሊያዊው መርከበኛና ጸሐፊ አለን ቪሊየርስ በ1938 ማብቂያ በአደን ዐሊ ቢን ናስር አን-ነጅዲ በሚያዝዘው የኩዌት ቡም ተሳፍሮ፣ የሶማሌን ጠረፍ ተከትሎ እስከ ዛንዚባርና ሩፊጂ ወንዝ ድረስ ወርዶ፣ በ1939 ኩዌት ገብቷል። በ1940 ያሳተመው መጽሐፍ መርከበኞቹ ሥራውን ሁሉ በዜማ ይሠሩ እንደነበርና ወደብ ሲገቡም ከበሮ እየመቱ ይገቡ እንደነበር ይመሰክራል። ያ ጉዞ በእርግጥ የመጨረሻዎቹ የሸራ ዓመታት ምስክር ሆኖ ቀርቷል።

እንዲህ ያለ ጉዞ ያለ ትርፍ አይመለስም። ነሐሱ ከሕንድ መጣ፤ ከምሥራቅ አፍሪካም «ለይዋ» የሚባለው ከበሮና ጭፈራ መጣ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን «ጠንቡራ» ነው። በኩዌትና በአካባቢው አገሮች በባርነት ከአፍሪካ የመጡ ሰዎችና ዘሮቻቸው ጠብቀው ያቆዩት ይህ ባለ ስድስት አውታር መሣሪያ፣ ሁለት ክንድና አንድ ቀንበር ያለው፣ ከክራር ጋር አንድ ዘር የሆነ ነው። ተጫዋቹ ሲደረድር ሌላው ሰው የፍየል ኮቴ የተሰፋበት «መንጁር» የሚባል መታጠቂያ በወገቡ ታጥቆ እየተወዛወዘ ያንኳኳል። ክራር በባሕረ ሰላጤው ዘመድ እንዳለው የሚያውቅ ወገናችን ጥቂት ነው።

በከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ ተጓዥ ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ገጣሚና ሙዚቀኛ ዐብደላህ አል-ፈረጅ በቦምቤይ አድጎ ወደ ኩዌት የተመለሰ ሰው ሲሆን፣ «ሰውት» የሚባለውን የዑድና የሚርዋስ ዜማ በማስፋፋት ስሙ ይነሣል። ሰውት ከነሃም ዜማ የተለየ የቤት ውስጥ ጥበብ ነው፤ ሆኖም ልዩነታቸው ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅም ነገር ይነግረናል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ዐብዱለጢፍ አል-ኩወይቲ ሰውትን በሸክላ ሲያስቀርጽ፣ የሸክላው አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። ሰውት አጠር ብሎ ገባበት። የነሃም ዜማ ግን ሸራ እስኪሰቀል የሚቆይ፣ ሥራው ሲያልቅ የሚያልቅ ስለሆነ፣ ማን በሦስት ደቂቃ ይለካዋል? ያም ሆኖ ዘመኑ ከሰውት ጋር ሲሄድ ነሃም እስከ ኋላ ድረስ በባሕር ላይ ቀረ።

ባሕሩም ብዙ አልቆየለትም። ጃፓን በእርሻ ያፈራችው ሉል የገበያውን ዋጋ ሰበረው፤ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስም ተጨመረበት። በ1946 ኩዌት የመጀመሪያውን ነዳጅ ወደ ውጭ ላከች። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው፤ የመርከበኛው ልጅ ወደ ነዳጅ ኩባንያው፣ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቱና ወደ ትምህርት ቤቱ ገባ። የሸራ ገመድ የሚስብ ሲጠፋ ለገመዱ የሚዜም ሰው ምን ይሠራል?

መልሱ በዲዋኒያ ተገኘ። ዲዋኒያ የኩዌት ወንዶች ከሥራ በኋላ የሚሰበሰቡበት፣ ሻይና ቡና የሚጠጣበት፣ ስለ አገር ጉዳይ የሚወራበት ክፍል ነው። የቀድሞ መርከበኞች በየሳምንቱ በተወሰነ ምሽት በአንድ ዲዋኒያ ተሰብስበው በሁለት ረድፍ ትይዩ ተቀምጠው ያዜሙ ጀመር። ዜማውን ያቆየው ከማንም ተቋም በፊት ይህ የሳምንት ልማድ ነው። እንደ ማዩፍ ሙጀሊ ያሉት የባሕር ዜማ ቡድኖች ኋላ ወደ ውጭ አገር መድረክ የወጡትም ከዚህ የዲዋኒያ ሕይወት ነው። ልምምዱ በኖታ አይደለም፣ አስተማሪም ጥቁር ሰሌዳ ይዞ አይቆምም። ልጁ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ይሰማል፤ ቆይቶ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ከሌላው ጋር መጠላለፉን ካላበላሸ ትንሿን ከበሮ ይሰጡታል። የአቀንቃኙ ቦታ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው፣ ለብዙዎችም ጭራሽ አይመጣም። ይህ ዓይነቱ ትምህርት ለተቸኮለ ሰው አይሆንም። ሆኖም ጭብጨባውን ያልለመደ ነሃም ከበሮው የት እንዳለ ሳያውቅ ይዘምታልና፣ ሽማግሌዎቹ ቅደም ተከተሉን ማጥበቃቸው ትክክል ነው።

መድረክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገጣሚው ሙሐመድ አል-ፋየዝ በ1960ዎቹ የጻፈው «የመርከበኛ ማስታወሻ» የተባለው ሥራ በ1970ዎቹ መጨረሻ በገናም አድ-ዲካን ዜማ ደራሲነት፣ በሻዲ አል-ኸሊጅ ድምፅ ትልቅ የመድረክ ትርኢት ሆኖ ሲቀርብ፣ የባሕሩ ዜማ በትውልዱ ሁሉ ጆሮ ገባ። በ1973 የተመሠረተው የባህል፣ የኪነ ጥበብና የሥነ ጽሑፍ ብሔራዊ ምክር ቤት ከ1994 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የቁረይን ፌስቲቫል ለባህላዊ ቡድኖች ቦታ ሰጠ፤ በ2016 የተከፈተው የጃብር አል-አሕመድ የባህል ማዕከልም በኩዌት ከተማ ዘመናዊ አዳራሾችን አስገኘ። ይህ ሁሉ ክብር ነው፤ ነሃም ወደ ብርሃን ወጣ።

ነገር ግን ብርሃኑ ዋጋ አስከፍሎታል። በዲዋኒያ ዘማቾቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ያጨበጭባል። በመድረክ ላይ ሁሉም ወደ ተመልካቹ ይዞራሉ፤ ያን ጊዜ መጠላለፉ ይላላል። ማይክሮፎን ለነሃሙ አፍ ይቀርባል፤ ከሥር ያለው የደረት እንጉርጉሮ ግን ለማንም ማይክሮፎን አይቀርብም፣ የድምፅ ባለሙያውም የባሕር ዜማ የማያውቅ ከሆነ ያን ማጉረምረም እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ተመልካቹ የሚሰማው ከፍ ያለ የአንድ ሰው ድምፅና ከበሮ ይሆናል። በመካከላቸው የነበረው ባዶ ቦታ፣ ያ የግርማው ምንጭ፣ ይደፈናል። የፕሮግራሙም ሰዓት የተወሰነ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚጎድለው ገመዱ ነው። ነሃም ዜማውን ልክ አውጥቶ እንደሆነ የሚነግረው ሸራ ስለሌለ፣ ፍርዱ ወደ ተመልካቹ ጭብጨባ ተላልፏል።

ይህን ችግር በሌላ መንገድ ለመጋፈጥ የሞከሩ አሉ። ኩዌታዊው ጊታር ተጫዋችና የሙዚቃ ተመራማሪ ጋዚ አል-ሙለይፊ «ቡም ዲዋን» የተባለውን ቡድን ያቋቋመው የባሕር ከበሮዎችን ከጃዝ ጋር ለማገናኘት ነው፤ የቡድኑ ስም ራሱ መርከቡንና ዲዋኒያውን ያጣመረ ነው። ጃዝ ተጫዋቾች እየተሰማሙ በቅጽበት የሚፈጥሩበት ሙዚቃ ስለሆነ፣ ከሽልማትና ከትርኢት ይልቅ ለዲዋኒያው ጠባይ ይቀርባል። የባሕሩ ምት በጊታር ሥር እንዲደበቅ ሳይሆን ጊታሩ ለምቱ እንዲታዘዝ ሲደረግ ውጤቱ ያምራል። በዚህ ያልተደሰቱ፣ የአባቶች ዜማ ከአባቶች መሣሪያ ጋር ብቻ ይቅር የሚሉ አይጠፉም። ነሐሱ ከሕንድ፣ ለይዋው ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ መሆናቸው ሲታሰብ ግን፣ ይህ ዜማ ከእንግዳ ጋር መቀመጥ ዛሬ አልጀመረም።

ጉዳዩ ለእኛ ሰውም ሩቅ አይደለም። በወሎ ሐድራ የሚወጣው መንዙማ እንዲሁ አቀንቃኝና ተቀባይ፣ ከበሮና ጭብጨባ ያለው፣ በሳምንቱ ልማድ የኖረ ነው። ከገጠሩ ሐድራ ወደ ከተማ ስቱዲዮ ሲገባ አንዱ ድምፅ ጎልቶ ተቀዳ፤ ተቀባዩ ወደ ኋላ ቀረ፤ ባንዳንዱ ቅጂም የሕዝቡን ድምፅ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ተካው። በስደት ያለ ሰው ይህን ቅጂ በስልኩ ሲያዳምጥ ልቡ ይረጋጋል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ተቀብሎ የሚያጨበጭብ ሰው ከሌለ ልጁ ከየት ይማረዋል የሚለው ጥያቄ የኩዌት ሽማግሌዎችም ጥያቄ ነው።

በ2021 ዩኔስኮ የባሕሬንን «ፍጅሪ»፣ ማለትም የኩዌቱ ዜማ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የሉል ጠላቂዎች ዜማ፣ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። መዝገብ መልካም ነው። ኩዌት ግን ከዚያ ብዙ ዓመታት አስቀድማ ሌላ ነገር ጀምራ ነበር። ከ1986 ጀምሮ የኩዌት የባሕር ስፖርት ክበብ ወጣቶችን አሰልጥኖ በእንጨት ጀልባዎች ወደ ሉል ስፍራ የሚልክበት መታሰቢያ ጉዞ አለ፤ በወረራው ጊዜ ቢቋረጥም በኋላ ቀጥሏል። ወጣቶቹ ስልክና አየር ማቀዝቀዣ የለመዱ የከተማ ልጆች ናቸው። ገመድ መሳብን፣ መጥለቅንና ዛጎል መክፈትን ከሽማግሌዎች ይማራሉ፤ ዜማውንም አብረው ይማራሉ። መነሻው ቀን «ደሻ»፣ መመለሻው «ቀፋል» ይባላል። በቀፋል ቀን ቤተሰብ በባሕሩ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ጀልባዎቹ ገና ሳይታዩ ከበሮው ቀድሞ ይሰማል።